ሳጥኗና እንስራው

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ፣ ጣርማ በርን አልፌ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ከአንድ ሻንጣና ከእልህ በቀር የያዝኩት ነገር አልነበረም። ደብረ ብርሃን በገንዘብ ያዥነት ከምሠራበት ሆቴል ባለቤት ጋር ተጨቃጭቄ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ነው የወጣሁት። እናቴ «ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ጦም ታሳድርሻለች» ስትለኝ፣ «ቋሚ ሥራ ሳልይዝ ይህን ዳገት ተመልሼ ከወጣሁ ከሰው አትቁጠሪኝ» ብዬ ማልኩላት። ያኔ መማል ይቀናኝ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን በሒሳብ ሠራተኛነት ለሙከራ ወሰደኝ። ለፈተናው ስቀርብ ሥራ አስኪያጁ «ሁለት ኮምፒዩተር ገዝተን ከነካርቶኑ ተቀምጧል። አንዱ ቢሮ፣ አንዱ መጋዘን ሆኖ እንዲነጋገሩ ማድረግ ትችያለሽ?» አለኝ። «ይሄማ ምን አላት!» አልኩት። በሕይወቴ ሁለት ኮምፒዩተር አገናኝቼ አላውቅም፤ ኮርስ ስማር መምህሩ ሲያገናኝ ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቻለሁ፣ በቃ። ሰውየው ግን መልሴን ወደደው። «ቦርዱ ሲሰበሰብ ሁለቱ ሲነጋገሩ ካየ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካላየ የወረቀት መዝገባችንን ከመደርደሪያው እናወርዳለን፣ አንቺም ወደ መጣሽበት» ብሎ አሰናበተኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዋናው ኮምፒዩተር እኔ ቢሮ ነው ያለው፤ የሒሳብ ፕሮግራሙም መረጃውም የሚኖረው እሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግቢውን ተሻግሮ መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘን ያዧ ለገበሬ ማዳበሪያ ስታወጣ እዚያው ሆና ትመዘግባለች፤ የምትመዘግበው ግን እኔ ጋ ባለው መረጃ ላይ ነው። ሁለቱን የምታገናኛቸው ጠረጴዛዬ ላይ ከማተሚያው ጀርባ የተወሸቀች፣ ከእንጀራ ቁራሽ የማትበልጥ ሳጥን ነበረች። ስምንት ቀዳዳ አላት፤ የሁለቱም ገመድ እዚያ ይሰካል። መስመሩ ከተቋረጠ የመጋዘኑ ኮምፒዩተር ድንጋይ ነው፤ ገበሬውም አህያውን ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል።

አገናኘኋቸው። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሦስት ቀን ስነቅል ስሰካ ከርሜ በአራተኛው ቀን ተነጋገሩ። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ለአንድ ሳምንት ግቢው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ከዚያ የግንቦት ሙቀት መጣ። ለብርድ አገር ሰው የሸዋ ሮቢት ግንቦት ምን እንደሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳ! በዚያ ወቅት ዩኒየኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይከፍትና ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይበተናል። አንድ ቀን ከእረፍት ስንመለስ መጋዘን ያዧ ከግቢው ማዶ «አንቺ ልጅ! ሄደብኝ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ሄድኩ። የኮምፒዩተሩ ማያ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተደቅኗል፤ ነገሩ ሲጨመቅ «ከዋናው ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ነው።

አዲስ አበባ ላለው ለሻጩ ደወልኩ። «አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። የለም። «ገመዱን ሁሉ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪ» አለኝ። ሳጥኗን ከማተሚያው ጀርባ ሳወጣት እንደ ምጣድ ትፋጃለች። ነቀልኩ፣ ትንሽ አሳረፍኳት፣ ሰካሁ፤ መስመሩ ተመለሰ። ያን ቀን ምን እንደነካት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት እውነትም ሙቀቱ ይሆናል። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበርና ለእናቴ ደውዬ በመስኮቱ በኩል እየጮህኩ «ሙቀቱ ይቺን ሳጥን ሊገድላት ነው! እሷ ከሞተች እኔም አለቀልኝ፣ ሥራዬን መልቀቄ ነው!» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ጊዜ ግን ከእናቴ በቀር የሰማኝ ያለ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ከሰዓት እንደገና ተቋረጠ። በሦስተኛውም ቀን። መጋዘን ያዧ መጮኽ ሰለቻትና ነገሩ በምልክት ሆነ፤ በሩ ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዝልኛለች፣ እኔም ገብቶኝ እሮጣለሁ።

እንግዲህ እኔ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ቁጥራቸው ተቀያይሮ ይሆናል አልኩና፣ ኮምፒዩተሮቹ የሚተዋወቁበትን ቁጥር ለሁለቱም በእጄ ሰጥቼ ቆለፍኩት። ገመዶቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ሠራ። «አገኘሁት!» ብዬ ፎከርኩ። በማግስቱ ከሰዓት ተቋረጠ። ባዕድ እንዳይገባ የሚከላከለው ፕሮግራም የራሳችንንም እየከለከለ ይሆናል አልኩና አጠፋሁት። ገመዶቹን ነቅዬ ሰካሁ፤ ሠራ። አሁንም ፎከርኩ። በማግስቱ ተቋረጠ። መጋዘን አይጥ አያጣምና ገመዱን በልቶት ይሆናል ብዬ፣ ከቢሮዬ እስከ መጋዘኑ ድረስ በጉልበቴም በሆዴም እየሄድኩ ስንዝር በስንዝር ዳሰስኩት። አንድ ጥርስ ያረፈበት ቦታ የለም። የገመዱን ጫፍ የሚጨብጠውን መቆንጠጫ በሚኒባስ ሹፌር ከአዲስ አበባ አስልኬ፣ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ በየቀለሙ ደርድሬ አዲስ ጫፍ አሰርኩለት። አሥራ አንድ ጫፍ አበላሽቼ አሥራ ሁለተኛው ተሳካ። ጣቶቼ ቆስለው እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። ሠራ! በማግስቱ ከሰዓት… ወይ ጉድ! ተቋረጠ።

ሥራ አስኪያጁ ትዕግሥቱ አለቀ። «ይሄ የሰው እጅ ነው» አለና፣ ከሒሳብ ሠራተኛና ከመጋዘን ያዧ በቀር ኮምፒዩተርና ገመድ የነካ ሰው በዕለቱ ከሥራ ይሰናበታል የሚል ማስታወቂያ አትሞ፣ ማኅተም መትቶ ቢሮዬ በር ላይ ለጠፈ። «ቦርዱ ከአሥር ቀን በኋላ ቅዳሜ ይሰበሰባል። እስከዚያ ነው» አለኝ። የደብረ ብርሃን ዳገት ፊቴ ላይ ተገተረ።

አልቅሼ ስበቃ ደብተር ገዛሁ። መስመሩ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት፣ ያደረግሁትን ሁሉ፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ከትዝታዬና ከመጋዘን ያዧ እየጠየቅሁ መጻፍ ጀመርኩ። ጽሑፍ ደግሞ አያባብልም። ሁለት ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። አንደኛ፣ መስመሩ ጠዋት ተቋርጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከእረፍት መልስ ነው። ሁለተኛው ይባስ የሚገርም ነው፦ አርብ ቀን ከነጭራሹ ተቋርጦ አያውቅም።

ደብተሩን ለመጋዘን ያዧ አሳየኋት። በዕድሜ እናቴን የምታህል፣ ነገር አዋቂ ሴት ናት። «አርብማ ጾም ነዋ!» አለችኝ። «የኛ ኮምፒዩተር ጾመኛ ነው!»

«እትዬ ይተዉኝ እንጂ፤ ታዲያ ረቡዕስ ለምን ይቋረጣል?»

«ረቡዕን ይገድፋላ! እንዳንቺ ያለ ነው።» ሳቀች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። አርብ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። አርብ እንደ ሌላው ቀን ይሞቃል። አርብ መብራቱም ያው ነው። እንግዲያው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ፣ አርብ የማይኖር አንድ ነገር ሌላ ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ለእረፍት ሲወጣ እኔ አልወጣሁም። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ነቅዬ፣ ከመዝገብ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ሲሚንቶው ላይ ተጋደምኩ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ሊያሸልበኝ ሲል የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ።

የገቡት ዘበኛችን ናቸው። ከጀውሃ ገጠር የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፤ «አባባ» ነው የምላቸው። ቀን ከመስኮቴ ሥር ካለው የኒም ዛፍ ጥላ አይጠፉም። የዙሁር ሶላታቸውን ሰግደው መጨረሳቸው ነው መሰለኝ፣ እግራቸው ገና እርጥብ ነው። «ቢስሚላህ» አሉና እጃቸውን ከማተሚያው ጀርባ ሰደዱ። ሳጥኗን አወጡ፣ ገመዶቿን አንድ በአንድ ነቀሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሏትና እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ወጡ።

ተከተልኳቸው። ከጥበቃ ቤታቸው ጀርባ፣ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ የውሃ እንስራቸው ተቀምጧል። ከጎኑ አንድ ደረቅ ማሰሮ እስከ አንገቱ አሸዋው ውስጥ ተቀብሯል። ሳጥኗን እዚያ ውስጥ አስቀመጡና ከደኑ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

ክው አሉ። «አስደነገጥሽኝ እኮ! አልሄድሽም እንዴ?»

እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ነበር። «አምስት ሳምንት! አምስት ሳምንት ሙሉ መሬት ለመሬት ስሳብ፣ ጣቴን ስቆርጥ፣ እዚህ እያመጡ ማሰሮ ውስጥ ይከቷታል? ማን ውሰዷት አለዎት?»

«አንቺ ነሻ!» አሉኝ፤ መገረማቸው እውነተኛ ነው። «በዚያ መስኮት 'ሙቀቱ ሊገድላት ነው፣ እሷ ከሞተች እኔም አለቀልኝ' ብለሽ ለእናትሽ ስትነግሪያት ሰማሁሽ። የኔ ሚስት የስኳር በሽተኛ ናት ልጄ። መርፌዋን ሙቀት ይገድለዋል፤ ፍሪጅ ከየት ይመጣል? የጤና ጣቢያዋ ልጅ በማሰሮ አድርጋችሁ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበሩት አለችን። ይኸው ስንት ዓመት፣ አልሃምዱሊላህ፣ አንድም ቀን አልተበላሸ። መድኃኒትን ያዳነ ያቺን አያድናትም ብዬ ነው። ከዘጠኝ በፊት እመልሳታለሁ፤ አላጓደልኩም። አርብ ብቻ ጁምዓ ስለምሄድ አዝናለሁ፤ አርብ ሙቀት ላይ ነው የምትውለው።»

አርብ! ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አሸዋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሲመልሷት ገመዱን እንዴት ነው የሚሰኩት?»

«ነይ እይው» አሉና ይዘዋት ተመለሱ። ሁለቱን ገመድ እንዳይተፋፈጉ ብለው አንዱን በወዲያ ዳር፣ አንዱን በወዲህ ዳር ሰኩ። «ስምንቱም ቀዳዳ እኩል አይደል?»

እኔም እኮ እኩል መስሎኝ ነበር! ጎንበስ ብዬ ሳጥኗን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ከየቀዳዳው በላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። በወዲያ ዳር ያለችው በርታለች፤ በወዲህ ዳር ያለችው ጨለማ ናት። ከጨለመችው ቀዳዳ ሥር ከሌሎቹ የተለየ፣ ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ አለ፤ ይህ ቀዳዳ ሳጥንን ከሌላ ሳጥን ለማገናኘት ብቻ ነው ይላል። ኮምፒዩተር ከተሰካበት አይሰማም። እኔ ደግሞ ነቅዬ በሰካሁ ቁጥር ሳላስበው አጠገብ ላጠገብ እሰካቸዋለሁ፤ ይሠራል፤ ከዚያ ቁጥሩን አስተካከልኩ፣ መከላከያውን አጠፋሁ እያልኩ እፎክራለሁ። ለካ ያን ሁሉ ቀን የሚሠራው ፉከራዬ ሳይሆን መንቀሌና መሰካቴ ነው።

«ጥፋት ሠራሁ እንዴ?» አሉ አባባ።

ቀና ስል በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ከነማኅተሙ ታየኝ። «አባባ፣ ይህን ወረቀት አይተውታል?»

«አየሁት እንጂ። የስብሰባ ጥሪ አይደል?» ማንበብ አይችሉም። ለእሳቸው ደግሞ ማንም አላነበበላቸውም፤ ዘበኛ ኮምፒዩተር ይነካል ብሎ የጠረጠረ የለማ። እኔ ግን ማንበብ እየቻልኩ ከቀዳዳው ሥር ያለችውን አንድ መስመር አላነበብኩም። «ምንም ጥፋት የለም» አልኳቸው። «ሳጥኗ ግን ከእንግዲህ ድናለች። አይንኳት፤ ገመዷንም አይንኩ። እንዳለች ይተዉልኝ።»

«እሺ ልጄ። አልነካትም።»

ለቅዳሜው ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ይሁን ሲል እምቢ አልኩ። «በአሥር ሰዓት ይሁንልኝ፤ መስመሩ ይቋረጥ በነበረበት ሰዓት።» ከማጀቴ ከተማም ከጀውሃም የመጡ የቦርድ አባላት ቢሮዬ ውስጥ ተጠቅጥቀው ቆሙ። በመስኮት እጄን አወዛወዝኩ፤ መጋዘን ያዧ እዚያ ማዶ የአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ወጪ መዘገበች፤ ወዲያው እኔ ማያ ላይ ታየ። አንድ ሽማግሌ «ማሻአላህ!» አሉ። ሌላኛው መስኮቱንና ማያውን እያፈራረቁ አዩ። ደጋግመን አሳየናቸው። አንዴም አልተቋረጠ።

እንደዚያ አልቆ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ታዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ ምን ሆኖ ነው? ሰው ነክቶታል ብዬ ነበር። ማነው?» አለ።

አባባ ለእንግዶቹ ውሃ በብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የት ገብተው ሰምተውት እንደሆነ አላውቅም፤ የማስታወቂያው ፍሬ ነገር ያን ቀን ደርሷቸዋል። ዓይናቸውን በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አልነቀሉም። የእሳቸው ደመወዝ ምን እንደሚገዛ እኔ አውቃለሁ፤ ማሰሮ ውስጥ የሚቀበረውን መድኃኒት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁሉም ቀዳዳ እኩል መስሎኝ፣ ከሥሩ የተጻፈውን ሳላነብ ስነቅልና ስሰካ ነው የከረምኩት።»

«ገበሬውን ፀሐይ ላይ ያስቆምሽው አንቺው ነሽ ማለት ነው?»

«አዎ።»

እውነቱን ልናገር፤ ተቃጠልኩ። ላብራራ፣ ልከራከር፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ ያፈሰስኩትን ደም ልቁጠርለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ቦርዱ ወጣ ብሎ ተማከረና ተመለሰ። ቋሚነቱ ይቆይ፤ አንድ ወር ይጨመርባት፤ በዚያ አንድ ወር ውስጥ አንድ ቀን ከተቋረጠ ግን ወደ መጣችበት ትሂድ ተባለ። አባባ ውሃውን አደሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ብርጭቆውን ብቻ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ሰኞ ከእረፍት ቀደም ብዬ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው፣ ከጠረጴዛዬ ሥር የቆርቆሮ ትሪ ተነጥፏል፤ ትሪው ላይ እርጥብ አሸዋ፤ አሸዋው ላይ ያ ትልቅ እንስራ ከነውሃው ተደላድሏል። አባባ ከጎኑ በርከክ ብለው፣ በሰሌን ማራገቢያ ከእንስራው በላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ወደ ሳጥኗ ያራግባሉ። ሳጥኗ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁለቱም አረንጓዴ መብራቶች በርተዋል።

«አልነካኋትም» አሉ ፈጠን ብለው። «ወላሂ፣ ጣቴን አላሳረፍኩባትም።»

«አባባ፣ እንስራውን ማን ተሸከመው?»

«እኔ ነኝ። እሷ ወደ ውሃው ካልሄደች ውሃው ይመጣላታ። አንድ ወር ሲሉሽ ሰምቻለሁ ልጄ። ወሩ እስኪያልቅ ነው።»

ሳጥኗ ማራገቢያም እንስራም አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት ትክክለኛው ቀዳዳ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አግኝታለች። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ማራገቢያውን ተቀበልኳቸው፤ ክንዳቸው ዝሎ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አራገብኩላት።

እንዲህ እየተፈራረቅን ወሩን ጨረስን፤ አርብ ሲቀር። መስመሩ አንድ ቀን አልተቋረጠም። የቋሚነት ደብዳቤዬ የደረሰኝ ቀን ኒሙ ሥር ሄጄ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «አሁን አትሄጂም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልሄድም አባባ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ተነስተው ወደ ቢሮዬ ገቡ፤ እንስራውን ተሸክመው ወደ ቦታው መለሱት።